«ወገቤን» ስትል የቱን ማለቷ ነው?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። እናታችሁ ወይም እህታችሁ «ወገቤን» ስትል «የቱ ጋ ነው? በአንድ ጣት አሳዪኝ» በሏት። መዳፏን ዘርግታ ወገቧን ወዲያ ወዲህ ካሻሸች አንድ ነገር ነው። ጣቷ ከወገብ ወረድ፣ ከመቀመጫ ከፍ ብሎ፣ በግራ ወይም በቀኝ በኩል ያለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ሥር ካረፈ፣ ደግማችሁ ስትጠይቋትም እዚያው ከተመለሰ ግን ሌላ ነገር ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይህቺን የጣት ምልክት ዝም ብለው አያልፏትም። እዚያ ቦታ ላይ ሳክሮኢሊያክ የሚባል መገጣጠሚያ አለ። ስሙ የመኪና ዕቃ ይመስላል፤ ግን ሁላችንም ሁለት ሁለት አለን።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ታዲያ ምን አገባሽ ትሉኝ ይሆናል። የሚያገባኝ ፎገራ ላይ ይህ ሕመም የጤና ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። የማሳ ጉዳይ ነው፣ የወንፈል ጉዳይ ነው፣ የገቢ ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚያናድደኝ ሕክምናው ውድ አለመሆኑ ነው። ቀዶ ጥገና አይፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትም አይፈልግም። የሚፈልገው የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ምንጣፍና ጥቂት ወራት ነው። ይህን ርካሽ ነገር ለወረዳችን ሴት ውድ ያደረገባት የተቀመጠበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። የጀርባ አጥንታችን ታች ሲደርስ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ባለው አጥንት ያልቃል። ያ አጥንት በግራና በቀኝ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው ሳክሮኢሊያክ መገጣጠሚያ። ከላይ የሚመጣው የሰውነት ክብደት ሁሉ ወደ እግር የሚወርደው በዚያ በኩል ነው። እንደ ጉልበት አይታጠፍም፤ እንቅስቃሴው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ በጠንካራ ጅማቶች ታስሮ የተቀመጠ ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ወደ ወጌሻዎቹ ስንመጣ ይጠቅመናል።

ታዲያ ለምን ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል? የሴት ዳሌ ሰፋ ያለ ነው፤ ለወሊድ የተሠራ ነው። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ሆርሞኖች ጅማቶቹን ያላላሉ፤ ሆዱ ወደ ፊት ይገፋል፤ የሆድ ጡንቻው ይወጠራል። ያ መገጣጠሚያ የሚደግፈውን ነገር እያጣ፣ የሚሸከመው ግን እየጨመረ ይሄዳል። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ከ5 ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ የዳሌ ዙሪያ ሕመም እንዳለባት ይገልጻል። አብዛኞቹ ከወለዱ በኋላ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ጥቂቶቹ ግን ሕመሙ ይዟቸው ይቀራል። እኔ የምጽፈው ስለ እነዚህ ነው።

ምልክቱም የራሱ ጠባይ አለው። አልጋ ላይ ስትገላበጥ ይወጋታል። ከባጃጅ ስትወርድ፣ ደረጃ ስትወጣ፣ በአንድ እግር ቆማ ቀሚሷን ስታጠልቅ ይብሳል። ረጅም ጊዜ ቁጭ ብላ ስትነሳ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ታነክሳለች። አንዳንዴ ወደ ጭን ይወርዳል፤ ያኔ «ዲስክ ነው» ይባላል። አሁን አሁን ሰው ሁሉ ዲስክ ሆኗል።

አሁን ይህን መገጣጠሚያ ይዘን ሩዝ ማሳ ውስጥ እንግባ። ፎገራን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ከወረታ ዙሪያ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ክረምት ላይ የሚያጥለቀልቁት፣ ሩዝ የለመደው ጥቁር አፈር። ሩዝ ደግሞ አረም አይወድም። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፤ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጅ ነው የሚታረመው። ጭቃው እግር ይይዛል። አንዱን እግር ከጭቃ ለመንቀል ክብደትህን ሁሉ በሌላኛው ላይ ታሳርፋለህ። ደግሞ ሌላኛውን። ሙሉ ቀን። ቅድም ሕመሙን ያባብሳል ያልኩት በአንድ እግር መቆም ነው፤ ፎገራ ላይ በአንድ እግር መቆም ሥራው ራሱ ነው። ማታ ደግሞ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን በጀርባ፣ ልጅ በአንቀልባ፣ እንጨት፣ ምጣድ። አራስነቱ አብቅቶ ልጅ ክርስትና ሲነሳ እናትየዋም «ተነሳች» ይባላል፤ 40 ወይም 80 ቀን። ጅማትና ጡንቻ ግን የክርስትናውን ቀን ቆጥሮ አይጠናም።

ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ደስ ይለኛል። ዘሩ ይጠናል፣ አፈሩ ይጠናል፣ በሽታው ይጠናል። ሩዙን የምታርመውን ሴት ወገብ የሚያይላት ቢሮ ግን የለም። እሷ በምርት ስሌት ውስጥ «የቤተሰብ ጉልበት» ተብላ ትገባለች። የሒሳብ ትምህርታችን ችግር ይሄ ነው፤ ዋጋ የማይከፈልበት ነገር ሲበላሽም ኪሳራ ተብሎ አይመዘገብም። የትራክተር ጎማ ቢፈነዳ ወጪ ይያዛል። ውኃ መቅዳትና ማገዶ መልቀም ግን በአገር ውስጥ ምርት ስሌት ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ቦታ የላቸውም፤ ስለዚህ ውኃ የምትቀዳው ሴት ማንከሷ የትም አይታይም።

አክስቴን ልንገራችሁ፤ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን አልጠራም። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ በቀኝ በኩል ያ ቦታ አልለቀቃትም። አንደኛው ጎረቤት «ኩላሊት ነው» አላት። ሌላዋ «አራስ ሳለሽ ብርድ ገብቶብሽ ነው» አለቻት። ጠበል ተጠመቀች፤ ልቧ አርፏል፤ እሱን አልነካባትም። አንድ ክሊኒክ መርፌ ወጋት፤ ሦስት ቀን ቀለላት፤ አራተኛው ቀን ያው ሆነ። ከዚያ መርፌው ልማድ ሆነ፤ የአረም ሰሞን በየሳምንቱ። በመጨረሻ ባሏና እሷ መሬቱን ለእኩል ለመስጠት መከሩ። ለእኩል መስጠት ማለት ግማሹን ምርት ለሌላ ሰው ማስረከብ ማለት ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ፤ አንዲት በጣት የምትነካ ቦታ የአንድን ቤት ግማሽ እህል ልትወስድ ነው።

ባሕር ዳር አብሬያት ሄድኩ። ወረታ እስከዚያ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስንገባ ባለሙያዋ መጀመሪያ አንድም ማሽን አላበራችም። አስተኛቻትና መገጣጠሚያውን በተለያየ አቅጣጫ ተራ በተራ ገፋችው፤ ጉልበቷን አጥፋ ወደ ታች ጫነች፣ ዳሌዋን በጎን ተጫነች፣ አንዱን እግር ከአልጋው አውርዳ ሌላውን ወደ ደረት ገፋች። ኋላ እንደነገረችን አንድ ፈተና ብቻውን አይታመንም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ያንኑ የለመደችውን ሕመም ሲቀሰቅሱ ነው ጥርጣሬው የሚጠናከረው። ራጅ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም።

ከሁሉም ያስገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «በጀርባሽ እንደተኛሽ ቀኝ እግርሽን ሳታጥፊ ትንሽ አንሺው» አለቻት። አክስቴ እግሯ እንደ ግንድ ከበዳት፤ ፊቷ ተጨማደደ። ባለሙያዋ ዳሌዋን በሁለት እጇ ግራና ቀኝ አጥብቃ ያዘችና «አሁን አንሺው» አለቻት። ተነሳ። አክስቴ «ምነው ቀለለኝ?» አለች። እግሩ ያው እግር ነው፤ ጡንቻው ያው ጡንቻ ነው። የጎደለው መሠረቱን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ነበር። ሕክምናው በሙሉ እንግዲህ ያንን የእጅ ሥራ ለራሷ ጡንቻዎች መልሶ ማስተማር ነው።

እንዴት? ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ ትንፋሽ ሳይያዙ በቀስታ ወደ ውስጥ መሳብ። ሽንት እንደሚያቆሙ አድርጎ የዳሌን ወለል ጡንቻዎች መጨበጥና መልቀቅ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ማንሳት። በጉልበትና በእጅ ተንበርክኮ አንድ እጅና በተቃራኒው በኩል ያለውን እግር መዘርጋት፤ ይህ ኋላ፣ መጀመሪያዎቹ ሲለመዱ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ የኑሮው ክፍል ይመጣል፤ አልጋ ላይ ስትገላበጪ ጉልበቶችሽን አጣብቂ፣ ቀሚስሽን ቁጭ ብለሽ ልበሺ፣ ልጁን በአንድ ዳሌ ላይ አትቀመጪው፣ ጀሪካኑን ለጊዜው ሌላ ሰው ይሸከመው። በነገራችን ላይ ከሁሉም ከባዱ ትእዛዝ ይሄ የመጨረሻው ነው። «ሌላ ሰው» ማን እንደሆነ ባሏ ነበር የገባው፤ ለስድስት ሳምንት ውኃ ቀዳ። መንደሩ ስቆበታል፤ እሱም ችሎታል።

ቀበቶም ታዘዘላት። እዚህ ላይ መቀነት ላነሳ ነው። እናቶቻችን ከወሊድ በኋላ ወገባቸውን አጥብቀው በመቀነት ያስራሉ፤ ጥበቡ ከሩቅ የመጣ ነው። ልዩነቱ ቦታው ላይ ነው። ለዚህ መገጣጠሚያ የሚታሰረው ቀበቶ ሆድ ላይ ወይም ወገብ ላይ አይደለም፤ ወረድ ብሎ ዳሌን ዙሪያውን ነው የሚይዘው፤ እንደዚያች ባለሙያ ሁለት እጆች። ያውም ለተወሰነ ጊዜ፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ ጡንቻው እስኪጠና ድረስ ብቻ። ፋርማሲ የሚሸጠው ሰፊ የወገብ ቀበቶ ሌላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥር የሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ ያንን አይመክርም፤ የሚመክረው ትምህርትና በሥርዓት የተመራ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ድርጅቱ እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ ሴቶች ይበዛሉ።

«ስፖርት ሠርተሽ ዳኚ ነው እንዴ የምትዪው?» ካላችሁ፣ ወደ ኖርዌይ ልውሰዳችሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከወለዱ በኋላ የዳሌ ዙሪያ ሕመም ያልለቀቃቸውን 81 ሴቶች ለሁለት ከፍሎ 20 ሳምንት ተከታተላቸው። ሁለቱም ወገን ፊዚዮቴራፒ አገኘ፤ አንደኛው ግን ቅድም የዘረዘርኳቸውን ዓይነት፣ ለእያንዳንዷ ሴት የተመጠኑ የማጥበቂያ ልምምዶች ጨመረ። ልምምዱን የጨመሩት ሴቶች ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ፤ ልዩነቱ ከሁለት ዓመት በኋላም አልጠፋም። ልብ በሉ፣ ልምምዱ በአብዛኛው የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። ግን 20 ሳምንት ነው። መርፌ 20 ደቂቃ ነው። ማንም ኢኮኖሚስት ሰው ለምን መርፌውን እንደሚመርጥ ይነግራችኋል፤ የዛሬ እፎይታ ከመጪው ጊዜ ጤና ይበልጥብናል፤ በተለይ አረሙ ነገ ከሆነ። ሻጩም ቢሆን ከመርፌው ያገኛል፤ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብሎ ከማስተማር አያገኝም።

መርፌውን ጨርሶ አልኮንንም፤ ለጥቂት ቀን ሕመም ማስታገሻ ቦታ አለው። ነገር ግን ዲክሎፌናክን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ሲደጋገሙ ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳሉ። «ኩላሊት ነው» እየተባለ ኩላሊት የሚጎዳ መርፌ መውጋት፣ ምን ልበለው። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ደግሞ ለፅንሱም አደገኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነኩም።

ወጌሻዎችስ? ስብራትና ውልቃት ላይ ሰው የሚያምናቸው ብዙ አሉ፤ አላቃልልም። «ዳሌሽ ወጥቷል፣ ልመልሰው» የሚለው ነገር ግን አይሄድም። ቅድም አስታውሱልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከባድ አደጋ ካልደረሰ በቀር ያ መገጣጠሚያ ወጥቶ አይገባም። ሲገፉት «ቀጭ» ብሎ ለጊዜው ሊቀል ይችላል። ቲክቶክ ላይ አጥንት እያንቋቁ «ዳነች» የሚሉትም ቪዲዮዎች ያው ናቸው፤ ሦስተኛውን ሳምንት አያሳዩንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አክስቴ በጥቂት ወራት ስድስት ጊዜ መመላለስ ነበረባት። ታሪፉን በብር አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ እስኪወጣ ይለወጣል። በቀን ልቁጠረው፤ ስድስት ጉዞ ስድስት ሙሉ ቀን ነው፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን። አብሯት የሚሄድ ሰው ስድስት ቀን። ልጅ የሚይዝ ሰው ስድስት ቀን። በዚያ ላይ ወንፈል አለ፤ ሐሙስ እነ እገሌ ማሳ ላይ ጉልበት መመለስ ካለባት «ቀጠሮ አለኝ» ማለት ዕዳ ማፍረስ ነው። ብዙዎች አንዴ ሄደው የሚቀሩት ለዚህ ይመስለኛል። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም።

ፎገራ በዚህ ጉዳይ ጀማሪ ወረዳ አለመሆኗ ነው የሚቆጨኝ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት አንዷ ፎገራ ነበረች፤ ከደቡብ አቸፈርና ከተሁለደሬ ጋር። ገበሬው አዋጥቶ በጋራ መታከምን ከሌላው ቀድሞ ሞክሯል። መድኑ የሐኪም ቤቱን ሒሳብ ይይዛል። ሚኒባሱን፣ የቀረውን ውሎ፣ የፈረሰውን ወንፈል ግን አይከፍልም። ስለዚህ ካርዱ በእጇ ሆኖ ሕክምናው ባሕር ዳር ከሆነ፣ ካርዱ ግማሽ ካርድ ነው።

የምጠይቀው ሆስፒታል ይሠራልን አይደለም። አንድ ባለሙያ በወር ሁለት የገበያ ቀን ወረታ ይምጣ። ሴቶቹ ያን ቀን ለገበያ ይመጣሉ፤ ቀናቸው አይቃጠልም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ለልምምድ የሚወጡበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ ፎገራ ሜዳ ላይ የማይገኝ የወገብ ሕመም የለም። አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ በቅድመ ወሊድና በድኅረ ወሊድ ክትትል ላይ ያቺን የጣት ጥያቄና አራት ልምምድ ይጨምሩ። ለፊስቱላ እናቶች በአገራችን ፊዚዮቴራፒ ከቀዶ ጥገናው ጎን ለጎን ሲሰጥ ኖሯል፤ የሐምሊን ሆስፒታሎች ሲሠሩት የቆዩት ሥራ ነው። ስለዚህ «የእኛ ሴቶች ይህን አይለምዱም» የሚል ሰው አያሳምነኝም።

«አገሩ በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ ሆኖ ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይምጣ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ውኃ የምትቀዳው፣ እህል የምታስፈጨው፣ ልጅ አዝላ የምትሸሸው እሷው ናት። ያኔ ነው ዳሌዋ የሚፈለገው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ አልለፍ፤ ሁሉም የዚያ ቦታ ሕመም በልምምድ አይታከምም። ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ ተገትሮ የሚቆይ፣ ሲያርፉ የሚብስና ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ከሆነ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢ ይታሰባል፤ ብሩሴላም አለ። ብሩሴላ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ ያልተፈላ ወተት አንዱ መንገዱ ነው፤ ይህንኑ መገጣጠሚያ መምታት ይወዳል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ወተቱን አፍሉት። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታት፣ በመቀመጫዋ አካባቢ ከደነዘዛት ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

እናንተ ስልክ በእጃችሁ ያለ ልጆች ዛሬውኑ የምታደርጉት አለ። እናታችሁን ወይም እህታችሁን ስታሳክሙ አብራችሁ ግቡ፤ ባለሙያዋን አስፈቅዳችሁ ልምምዱን ስትሠራ በራሷ ስልክ ቅረጹላት። የሌላ ሰው ቪዲዮ ከዩቲዩብ አትላኩላት፤ ለእሷ የተመጠነው ያ ነው። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ የራሷን ቪዲዮ እያየች ግን አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ዘንድሮ ሩዙን አርማለች፤ ሙሉ ቀን አይደለም፣ እስከ ምሳ። መሬቱ ለእኩል አልተሰጠም።

ሁለተኛው፣ የመድን መዋጮ በሚሰበሰብበት ሰሞን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኙ። እጃችሁን አንሡና «ባለፈው ዓመት ከዚህ ወረዳ ስንት ሴት ፊዚዮቴራፒ አገኘች?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ዜሮ ቢሆንም በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ አድርጉ።